ከጀርባ ሸክም እስከ ቀጭን ቱቦ፦ የኢንሱሊን ፓምፕ ታሪክና ለወጣቶቻችን ያለው ትምህርት



ዓይነት አንድ ስኳር ያለባቸው ወጣቶች ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከላቸውን የኢንሱሊን ፓምፕ ይዘው ይጠይቁናል። «ኳስ ስጫወት ቢነቀልስ? ሱጁድ ስወርድ ቢቆረቁረኝስ? ጾሜንስ ያበላሻል?» ይላሉ። መልሱ የሚገባን መሣሪያው ከየት ተነስቶ እዚህ እንደደረሰ ስናውቅ ነው።

ይህን ሕመም የቀደሙት ሙስሊም ሐኪሞች ያውቁት ነበር። ኢብን ሲና (980–1037) «አል-ቃኑን» በተሰኘው ኪታቡ ገልጾታል። ዐብዱለጢፍ አል-ባግዳዲ (1162–1231) ደግሞ ስለ ስኳር በሽታ ብቻ ራሱን የቻለ ሪሳላ ጽፏል። መድኃኒቱ ግን እስኪገኝ ብዙ መቶ ዓመታት አለፉ። እስከዚያ ድረስ ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆመ ልጅ ብዙም ሳይቆይ ይሞት ነበር።

አላህ (ሱ.ወ) ሰበቡን የከፈተው በካናዳዋ ቶሮንቶ ነው። እ.ኤ.አ በ1921 ባንቲንግና ቤስት በማክሊዮድ ቤተ ሙከራ ኢንሱሊንን ከእንስሳት ቆሽት አወጡ። በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። መድኃኒቱ በደንብ ስላልተጣራ ብዙ አልሠራም። ኮሊፕ የተባለው ባለሙያ አጣርቶት ከ12 ቀን በኋላ ሲሰጠው ግን ልጁ አገገመ፤ ከዚያም 13 ዓመት ኖረ። ተመራማሪዎቹ የፈጠራ መብቱን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ብቻ ሸጡ። ለሰው የሚጠቅም ዕውቀት እንዲህ ሲሰጥ ማየት ለእኛም ትምህርት ነው።

መርፌ ሕይወት ቢያተርፍም አንድ ነገር ይጎድለዋል። ጤነኛ ቆሽት ኢንሱሊንን ሌት ተቀን በጥቂት በጥቂቱ ያፈሳል፤ መርፌ ግን በአንዴ ነው የሚያስገባው። ስለዚህ በ1960ዎቹ ካዲሽ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እንደ ጀርባ ቦርሳ የሚታዘል ፓምፕ ሠራ። ያንን ተሸክሞ ማን ሊሮጥ? በ1970ዎቹ ዲን ካመን ሰውነት ላይ የሚያዝ ትንሽ ፓምፕ ሠራ። በ1978 ደግሞ በለንደን ጋይስ ሆስፒታል ፒካፕ፣ ኪንና ባልደረቦቻቸው ኢንሱሊንን ከቆዳ ሥር ያለማቋረጥ ማፍሰስ እንደሚቻል አሳተሙ። በዚያ ዘመን ከቆዳ ሥር የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ የብረት መርፌ ነበር። በኋላ መርፌው ወግቶ የሚወጣለት፣ ለስላሳ የቴፍሎን ቱቦ ብቻ ውስጥ የሚቀርለት ዓይነት መጣ። በ2005 ደግሞ ረጅም ቱቦ የሌለው፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፓምፕ በአሜሪካ ተፈቀደ።

እንግዲህ ለሚንቀሳቀስ ወጣት የቱ ይሻላል? ለስላሳው ቱቦ ብዙም አይሰማም፤ አንዳንዴ ግን ውስጥ ይታጠፋል። ብረቱ አይታጠፍም፤ ነገር ግን ሊቆረቁር ይችላል፣ በ2 ቀንም ይቀየራል። ለስላሳው በአብዛኛው እስከ 3 ቀን ይቆያል። ቀጥ ብሎ የሚገባው ለመትከል ቀላል ነው። ጋደም ብሎ የሚገባው ግን ቀጭን ለሆነና ብዙ ለሚሯሯጥ ሰው ብዙ ጊዜ የተሻለ ይይዛል። ቦታውን ከቀበቶ መስመር አርቁ፤ ሩኩዕ ስትወርዱ የሚታጠፈው እዚያው ነውና። በየጊዜውም ቦታ ቀያይሩ፤ አንድ ቦታ ሲደጋገም ቆዳው ይደድራል፣ ኢንሱሊኑም በደንብ አይሰርግም። ረጅም ቱቦ ያለው ፓምፕ ከሆነ፣ ለኳስ ረጅሙን ቱቦ ቆዳው ላይ ከተለጠፈው መያዣ ለይቶ መልሶ መግጠም ይቻላል፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ግን ሐኪማችሁ ይወስን። ፓምፕ ከውጭ ከመጣላችሁ ደግሞ የአንዱ ቱቦ ለሌላው ላይገጥም ስለሚችል፣ የሚቀየረው ዕቃ ሳይቋረጥ መምጣቱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ስለ ጾም፣ ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1997 ጅዳ ላይ ምግብነት የሌለው የቆዳ ሥር መርፌ ጾም እንደማያፈርስ ወስኗል። «መጾም ትችላለህ ወይ?» የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ እሱን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩበት፤ አላህ ለታመመ ሰው ፈቅዷልና። ሆድ ላይ የተለጠፈ ነገር ዉዱእን አይነካም፤ የጉስልን ጉዳይ ግን ኡስታዞቻችሁን ጠይቁ።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን እንለምናችኋለን። «ጥቁር አዝሙድና ሩቃ ይበቃሃል፣ ኢንሱሊኑን ተው» የሚላችሁን አትስሙ። ሩቃ መልካም ነው፤ ዱዓም የሙእሚን መሣሪያ ነው። ዓይነት አንድ ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቋረጠ ግን ይሞታል። ፓምፕ ያለው ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቅ፤ ውስጡ ያለው ቶሎ የሚያልቅ ኢንሱሊን ብቻ ስለሆነ ቱቦው ከተዘጋ ወይም ከተነቀለ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ደሙ መመረዝ ይጀምራል። ስኳር ከፍ ብሎ ማቅለሽለሽ ወይም ማስታወክ ከመጣ ጊዜ አታጥፉ፤ በመርፌ ተወጉ፣ ቱቦውን ቀይሩ፣ ወደ ሐኪም ሂዱ። መለዋወጫ መርፌና ኢንሱሊን ከእጃችሁ አይጥፋ።

ሰበቡን ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጣላም። ግመሉን የሚያስር ሰውም በአላህ ይመካል። በመስጂድ ሰፍ ላይ ከጎናችሁ የቆመ ወንድማችሁ ልብሱ ሥር ቱቦ ካለ አታሳፍሩት፤ ያ ቱቦ አማናውን የሚጠብቅበት ነው።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋ ይስጥ። ወላሁ አዕለም።