ጥሬ ሞልቶላት የምትሞት እንስሳ፦ የጊኒ ፒግ መኖ ታሪክ

ዛሬ ጊኒ ፒግ ስለምትባል ትንሽ እንስሳ መኖ እናወጋለን። ከጥንቸል ታንሳለች፣ ጅራት የላትም፣ ሣር በል ናት። ብዙዎቻችሁ አይታችኋት አታውቁ ይሆናል። የመኖዋ ታሪክ ግን እስከ እናንተ ማዕድ ድረስ ይመጣል፤ ታገሱኝና አንብቡት።

አገሯ ደቡብ አሜሪካ፣ የአንዲስ ተራራ ነው፤ ዛሬ ፔሩና ቦሊቪያ የሚባሉት አገሮች ያሉበት። የዚያ አገር ገበሬዎች ከሺህ ዓመታት በፊት አላመዷት። ስሟን "ኩይ" ይሏታል፣ የሚያረቧትም ለሥጋዋ ነው። ማድቤት ውስጥ እየዞረች የታጨደ ሣርና የአትክልት ልጣጭ ትበላለች። ትኩስ ቅጠል ስለማይጠፋ ጤናዋ አይጓደልም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስፔኖች ወደ አውሮፓ ወሰዷት፤ እዚያ የልጆች የቤት እንስሳ ሆነች፣ ኋላም የቤተ ሙከራ።

በዚያው ዘመን ረጅም ጉዞ የሚሄዱ መርከበኞች በአንድ ክፉ በሽታ ያልቁ ነበር። ለወራት ደረቅ ብስኩትና በጨው የታሸ ሥጋ ብቻ ሲበሉ ድዳቸው ይደማል፣ ጥርሳቸው ይወልቃል፣ ከዚያ ይሞታሉ። በሽታው ስከርቪ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም 12 ሕመምተኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ለየብቻ የተለያየ ነገር ሰጣቸው። ቶሎ የዳኑት ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ሁለቱ ናቸው። ሎሚው ውስጥ ምን እንዳለ ግን ያወቀ አልነበረም።

ፍንጩን የሰጠችው ጊኒ ፒግ ናት። እ.ኤ.አ. በ1907 አክስል ሆልስትና ቴዎዶር ፍሮሊክ የተባሉ የኖርዌይ ተመራማሪዎች ጊኒ ፒጎችን እህልና ዳቦ ብቻ ቀለቡ። ምግብ አልጎደለባቸውም፤ ግን ልክ እንደ መርከበኞቹ በስከርቪ ታመው ሞቱ። ጥቅል ጎመን ወይም የሎሚ ጭማቂ ሲጨመርላቸው በሽታው ቀረ።

ከዚያ በኋላ አልበርት ሴንት-ጂዮርጂ የተባለ የሃንጋሪ ሳይንቲስት ያ ንጥረ ነገር ቫይታሚን ሲ መሆኑን በ1932 በጊኒ ፒግ ሙከራ አረጋገጠ። በብዛት ያወጣው ከምን መሰላችሁ? ሴጌድ በተባለችው የበርበሬ አገር ከሚመረተው ትኩስ በርበሬ! በ1937 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላም፣ በግ፣ ፍየል፣ ዶሮ፣ ጥንቸልም ጭምር ቫይታሚን ሲን በሰውነታቸው ይሠራሉ። ጊኒ ፒግና ሰው ግን አይችሉም፤ ከሚበሉት ማግኘት አለባቸው። ጊኒ ፒግ ሳታገኝ ሁለት ሦስት ሳምንት ከቆየች መታመም ትጀምራለች።

ስለዚህ ከተማ ያለ ዘመድ ወይም ልጃችሁ ይህችን እንስሳ ቢይዝ እንዲህ በሉት፦

- ዋናው ምግቧ ሣርና ንጹሕ ድርቆሽ ነው፤ ሁልጊዜ ከፊቷ አይጥፋ። ጥርሷ ዕድሜ ልኩን ስለሚያድግ የሚሞርደው እሱ ነው።
- በየቀኑ ትኩስ ቅጠልና የማያቃጥል የፈረንጅ ቃሪያ ቁራጭ ይስጣት። የደረቀ ነገር ቫይታሚኑን ያጣል።
- ጥሬና ፉርሽካ ብቻዋን አያኑራት። የጥንቸል መኖም ቫይታሚን ሲ ስለማይጨመርበት አይበቃትም።
- አልፋልፋ ለግልገልና ለእርጉዝ ይሆናል፤ ላደገችው ግን ካልሲየሙ ስለሚበዛ የፊኛ ጠጠር ሊያመጣ ይችላል።
- ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አቮካዶ፣ የድንች ቅጠልና ቡቃያ፣ የሻገተ መኖ ክልክል ነው።
- መኖ ሲቀይር ቀስ በቀስ ይሁን። ንጹሕ ውኃም አይጥፋ።

እናንተም ልብ በሉ። ከብታችሁ በበጋ ገለባ እየበላ ቢከርም በስከርቪ አይያዝም፤ ልጃችሁ ግን በዚህ በኩል እንደ ጊኒ ፒግ ነው። ጎተራው እህል ስለሞላ ብቻ ቤቱ ጠገበ አይባልም። ጓሮ ላይ አንድ መደብ ጎመንና ቃሪያ ይኑራችሁ፣ በእጥቢ ውኃም ቢሆን በበጋ አጠጡት። ጎመኑንም ብዙ አትቀቅሉት፤ ሙቀት ሲበዛበት ቫይታሚኑ ያልቃል።