ጨው ገንዘብ በነበረበት አገር፣ ጨው የሌለው ቆሎ

ለውዝ ሊገዛ ቆሞ «ጨው ያለው ይሁን የሌለው?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ጥያቄው የዘመኑ ሐኪሞች ያመጡት ይመስለዋል። በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው የደቡብ ወሎ ደጋ ግን ነገሩ የቆየ ነው።

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ያገኛታል፤ ከእሷ ወዲያ ዓባይ፣ ከዓባይ ማዶ ጎጃም ነው። ጨው የሚመጣው ግን ከተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከአፋር በረሃ ነበር። ከአርሆ ሜዳ በቁራጭ እየተጠረበ በግመልና በበቅሎ ደጋውን ይወጣል። አሞሌ የሚባለው ይህ ነው።

አሞሌ የሚበላም የሚገዛበትም ነበር። በ1520 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጨው በአገሩ እንደ ገንዘብ እንደሚሠራና ከሚወጣበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚንር ጽፏል። 1887 ዓ.ም. የተጻፈበት የምኒልክ ብር ከወጣ በኋላ እንኳ አሞሌ ከገበያ ቶሎ አልጠፋም።

ገንዘብ ደግሞ ቆሎ ላይ አይነሰንስም። ገብሱ፣ ባቄላው፣ ሽምብራው ከማሳ ይገኛል፤ ምጣድና እሳት ይበቃዋል። ያለችው ጨው ቅድሚያ የምትሰጠው ለወጡ ነው፤ በወሎ ገጠር ደግሞ ለቡናው። ቡናው በጨው፣ የቡና ቁርሱ ቆሎ ያለ ጨው፤ አፍ ሁለቱን አገናኝቶ ያጣጥማል።

ይህን ሲሰሙ «ድሮ ጤና ነበር» ለማለት መቸኮል አያስፈልግም። ጨው የቀነሰው በእጦት እንጂ በምርጫ አልነበረም። ደጋው በአዮዲን እጥረት የሚመጣውን እንቅርትም በደንብ ያውቀዋል። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነስቶ የአሰብ በር ሲዘጋ፣ አገሪቱ ፊቷን ወደ አፍዴራ ጨው አዞረች፤ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያዝ ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ጨው ከየሱቁ በቀላሉ የሚገኝ ዕቃ ሆኗል። ለውዙም ቢሆን የደጋ እህል አይደለም፤ እንደ ባቢሌ ካሉ ቆላማ ቦታዎች ተጭኖ ይመጣል። ሁለቱ መንገደኞች ታሽጎ በሚሸጥ ላስቲክ ውስጥ ተገናኙ።

በ2007 ዓ.ም. የተደረገ አገር አቀፍ ጥናት አንድ አዋቂ ኢትዮጵያዊ በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ያህል ጨው እንደሚወስድ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ። ትርፉ ጨው ውሃ ወደ ደም ሥር ይስባል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ልብና ኩላሊት ይደክማሉ። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ስለማያሳይ፣ አንዳንዱ ሰው የሚያውቀው አንድ ቀን ሲወድቅ ነው።

አንድ እፍኝ ጨዋማ ለውዝ ብቻውን ማንንም አይጥልም። ጨው ግን በበርበሬው አለ፣ በሽሮው አለ፣ በዳቦው አለ፣ በወሎ በስኒውም አለ። ለውዙ ላይ ያለው ከሁሉም በላይ የሚደረብ ነው፤ ለመተውም ከሁሉም የቀለለው እሱ ነው። ወጥ ያለ ጨው አይበላም፤ ለውዝ ግን ያለ ጨውም ለውዝ ነው። ፕሮቲኑና ጠቃሚው ቅባቱ አይቀነስበትም። አዮዲኑም አይቀርም፤ በወጡ ጨው ይገኛል።

ዘዴው ደግሞ ከቤት አይርቅም። ጥሬ ለውዝ ገዝቶ እናቶች ገብሱን በሚቆሉበት ምጣድ ማመስ ነው።

ያኔ የደጋውን ሰው ጨው የሚመጥንለት ድህነቱ ነበር። ዛሬ መጣኙ ራሱ ነው።