ወረፋው ለማን ይታያል?

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተመራማሪ የተበሱ ካርዶቹን ለኦፕሬተሩ አስረክቦ ውጤቱን ይጠባበቅ ነበር። ሥራው ተራ ይጠብቅ ወይም ተሰናክሎ ይቁም የሚያውቀው ኦፕሬተሩ ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1994 ቶማስ ስተርሊንግና ዶናልድ ቤከር በናሳ 16 ተራ ኮምፒውተሮችን አያይዘው «ቤዎልፍ» የተሰኘውን ክላስተር ሠሩ። ክላስተር ረከሰ፤ ማሽኖቹ ሲበዙ ግን እየዞሩ መቆጣጠር አልተቻለም። ከበርክሊ የመጣው «ጋንግሊያ» የየማሽኑን ጭነት በድረ ገጽ በግራፍ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2002 በሎረንስ ሊቨርሞር ሥራው የተጀመረው «ስለርም» ደግሞ ሥራዎችን በወረፋ ያስተናግዳል፤ የየአንዳንዱንም ሁኔታ ይመዘግባል።

ዛሬ መከታተያ ድረ ገጽ መትከል አያዳግትም። ገጹ የወረፋውን ሁኔታ በየደቂቃው አንዴ አንብቦ ያስቀምጣል፤ ለተመልካቾች ሁሉ የሚያሳየውም ያስቀመጠውን ነው። ተመልካች በመጣ ቁጥር ስለርምን ቢጠይቅ ራሱን ወረፋ አስተናጋጁን ያጨናንቃል።

የሚያዳግተው ምን ይታይ የሚለው ውሳኔ ነው። አስተዳዳሪው ካልከለከለ በስለርም ተጠቃሚ የሌሎችንም ሥራ ያያል፤ ከከለከለ የራሱን ብቻ። መተማ ዮሐንስ ላይ ስለ ካላዛር መረጃ ሰብስቦ ስሌቱን ሩቅ ወዳለ ክላስተር የሚልክ ተመራማሪ ቢሮ ሄዶ መጠየቅ አይችልም። ወረፋው ከተሸሸገበት ተራው መዘለሉን በምን ያውቃል? የባለቤቱ ስምና የሥራው ይዘት ይሰወር፤ ተራውና የጥበቃው ሰዓት ግን ለሁሉም ይታይ። አለዚያ ድረ ገጽ ተክለንም ከካርዱ ዘመን አልወጣንም።