«ውጭ አገር» የት ነው? ስለ ኦነሲሞስ ነሲብ

«ሚሲዮን» ሲባል ሰርቦም ይሁን ጅማ ቶሎ ትዝ የሚለን ፈረንጅ ነው። ባሕር ተሻግሮ፣ በበቅሎ ተጉዞ፣ የማያውቀውን ሕዝብ ሊያስተምር የመጣ ሰው። እርግጥ እንዲህ ያሉ ነበሩ። ጣሊያናዊው ካፑቺን ጉልዬልሞ ማሳያ በ1846 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ለኦሮሞ አገር ተሾመ፤ በ1852 ጉዱሩ ገባ፤ ኋላም እስከ ከፋ ዘለቀ። በ1879 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከአገር አስወጡት። ወደ ጣሊያን ተመልሶ በ1884 ካርዲናል ሆነ። ጥሪው ወደ ባዕድ አገር ወስዶት ነበር፤ ሲያበቃ ግን የሚመለስበት ቤት ነበረው።

ታዲያ ቤቱን ገና በልጅነቱ የተነጠቀ ሰውስ?

ሂካ የተወለደው በ1850ዎቹ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አጠገብ ነው። ሕፃን ሳለ ባሪያ ፈንጋዮች ነጠቁት። ዘመኑ ሰው እንደ ቡናና እንደ ዝሆን ጥርስ የሚሸጥበት ነበር፤ የኛው የጅማ ሂርማታ ገበያም ከዚህ ንግድ ንጹሕ አልነበረም። ልጁ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምፅዋ ደረሰ። በ1870 ነፃ ወጣ። እምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ተማረ፤ በ1872 ተጠምቆ ኦነሲሞስ ተባለ፤ ቀጥሎም ስዊድን ተልኮ አምስት ዓመት ተማረ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። ለስዊድኖቹ «የሩቅ አገር ተልእኮ» የነበረው፣ ለሱ ወደ እናቱ ቋንቋ መመለስ ነበር። መመለሱ ግን ከመሄዱ ይልቅ ከበደው። በ1881 በሱዳን በኩል ሞከረ፤ መንገዱ ተዘግቶ ተመለሰ። ሁለተኛ ጊዜ እስከ እንጦጦ ደረሰ፤ ከዚያም መልሱት ተባለ።

እግሩ ሲታገድ እጁን አሠራ። አዲስ ኪዳንን በኦሮምኛ በ1893፣ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 አሳተመ፤ ፊደሉ የግዕዝ ነው። በሥራው ዋና ረዳቱ እንደሱ ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ ነበረች። ከልጅነቱ የራቀ ሰው ያጣውን ቃል እሷ ታቀብለው ነበር። በ1894 የወጣው የኦሮምኛ ማንበቢያ የሁለቱ ሥራ ነው። የሚገርመው «ሂካ» ማለት በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው።

ነቀምቴ የገባው በ1904 ነው፤ ከመጀመሪያው ሙከራ 23 ዓመት በኋላ። በአገሬው ቋንቋ ሲያስተምር ጊዜ ካህናቱ ከሰሱት። በ1906 አዲስ አበባ ተጠርቶ እንዲጋዝ ተፈረደበት፤ ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አቅልለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ፣ ግን እንዳያስተምር አዘዙ። ፈቃድ ያገኘው በ1916 በልጅ ኢያሱ ነው። በ1931 እዚያው ነቀምቴ ሞተ።

አንዳንዱ «የፈረንጅ መልእክተኛ ነው» ይለው ይሆናል። ገንዘቡና ትምህርት ቤቱ የስዊድን እንደነበር አይካድም። ነገር ግን ስዊድኖቹ ራሳቸው ኦሮምኛ አልሰጡትም፤ እሱ ነው የሰጣቸው። ደግሞ የጅማን ታሪክ እናስታውስ፦ እስልምናም እዚህ ሥር የሰደደው ከሕዝቡ ጋር በኖሩ ነጋዴዎችና ሼኾች ነው። እምነት በጎብኚ አይተከልም።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ከኛ መካከል «ልሂድ ወይስ ልቅር» እያለ የሚጨነቅ ብዙ ነው። የኦነሲሞስ ሕይወት የሚጠይቀን ሌላ ጥያቄ ነው፦ የተማርከውን ለማን፣ በማን ቋንቋ ትናገረዋለህ? እሱ ለዚህ መልስ 23 ዓመት መንገድ ላይ፣ አሥር ዓመት ደግሞ ተከልክሎ ከፍሏል።