የካንሰር መድኃኒት ልብንና ኩላሊትን እንዳይጎዳ

ኬሞቴራፒ በፍጥነት የሚባዙ የካንሰር ሕዋሳትን የሚገድል የመድኃኒት ሕክምና ነው። አረም ማጥፊያ መጠኑና ጊዜው ካልተጠበቀ ሰብሉንም እንደሚያቃጥል ሁሉ፣ እነዚህ መድኃኒቶችም ጤነኛውን የሰውነት ክፍል ይነካሉ። የፀጉር መርገፍና ማስመለስ በግልጽ የሚታዩ በመሆናቸው ታማሚውም ቤተሰቡም ቶሎ ያውቋቸዋል። በልብና በኩላሊት ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ብዙ ጊዜ ያለ ምልክት ይጀምራል፤ ሲታወቅም ሕክምናው እንዲቋረጥ ሊያስገድድ ይችላል። ይሁንና ጉዳቱን አስቀድሞ ለመከላከል ወይም ለመቀነስ የሚያስችሉ መንገዶች አሉ። ከእነዚህም የተወሰኑት በታማሚውና በቤተሰቡ እጅ ናቸው።

በኢትዮጵያ ሴቶችን በብዛት ከሚያጠቁ ካንሰሮች ቀዳሚዎቹ የጡትና የማህፀን በር ካንሰር ናቸው። ለጡት ካንሰር ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ዶክሶሩቢሲን ሲሆን፣ ለማህፀን በር ካንሰር ደግሞ ሲስፕላቲን ከጨረር ሕክምና ጋር ይሰጣል። የመጀመሪያው በልብ፣ ሁለተኛው በኩላሊት ላይ በሚያደርሱት ጉዳት ይታወቃሉ።

ልብ፦ ዕድሜ ልክ የሚቆጠር መጠን

ዶክሶሩቢሲን በደም ሥር የሚሰጥ ቀይ መድኃኒት ነው። ከተወሰደ በኋላ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ሽንትን ያቀላል፤ ይህ የመድኃኒቱ ቀለም እንጂ ደም ባለመሆኑ ሊያስደነግጥ አይገባም። የሚያሳስበው የልብ ጡንቻ ሕዋሳትን መጉዳቱ ነው። እነዚህ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ በኋላ በአዲስ የመተካት አቅማቸው እጅግ አነስተኛ ነው። ስለዚህም ጉዳቱ በእያንዳንዱ ዙር እየተደመረ ይሄዳል፤ የልብ ድካም ምልክትም ሕክምናው ካበቃ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሊከሰት ይችላል።

በዚህ ምክንያት ሐኪሞች አንድ ሰው በዕድሜው ሙሉ የሚወስደውን ድምር መጠን ይቆጥራሉ። መጠኑ ከታማሚው ቁመትና ክብደት በሚሰላው የሰውነት ስፋት ይለካል። በተለምዶ የሚጠበቀው ጣሪያ በአንድ ካሬ ሜትር ከ450 እስከ 550 ሚሊ ግራም ነው፤ ደረታቸው አካባቢ ጨረር ለወሰዱ ሰዎች ደግሞ ዝቅ ይላል። ለጡት ካንሰር በተለመደው አሰጣጥ 60 ሚሊ ግራም በ4 ዙር ሲሰጥ ድምሩ 240 ይደርሳል፤ ይህም የጣሪያው ግማሽ ያህል ነው።

ካንሰሩ ከዓመታት በኋላ ቢያገረሽና ታማሚዋ ወደ ሌላ ሆስፒታል ብትሄድ፣ አዲሱ ሐኪም ቀድሞ የተሰጠውን መጠን ማወቅ ይኖርበታል። ያለዚያ ወይ ጣሪያውን ያልፋል፤ ወይም ከፍርሃት የተነሣ ሊጠቅም የሚችለውን መድኃኒት ይተዋል። ስለሆነም የመድኃኒቱ ስም፣ የዙሩ ብዛት፣ ድምር መጠኑና ቀኑ የተጻፈበትን ወረቀት ከሆስፒታሉ ጠይቆ መቀበልና እንደ መሬት ደብተር ጠብቆ ማቆየት ያስፈልጋል።

ከሕክምናው በፊት የልብ አልትራሳውንድ ምርመራ ማድረግ፣ የደም ግፊትንና ስኳርን መቆጣጠርም ለልብ ጥበቃ ይረዳል። ዴክስራዞክሳን የተባለ ልብን የሚከላከል መድኃኒትም አለ፤ ነገር ግን ለተመረጡ ታማሚዎች እንጂ ለሁሉም አይሰጥም።

ኩላሊት፦ በቀናት ውስጥ የሚደርስ ጉዳት

ሲስፕላቲን ፕላቲነም ከተባለው ውድ ብረት የሚሠራ መድኃኒት ሲሆን፣ ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ነው። በሚወጣበት ጊዜ በኩላሊት ሕዋሳት ውስጥ ይከማችና ይጎዳቸዋል። ጉዳቱ በአብዛኛው በተወሰደ በቀናት ውስጥ ይታያል። ማግኒዚየም የተባለው ማዕድንም በሽንት እንዲባክን ያደርጋል፤ ይህም የጡንቻ መኮማተርና ድካም ያስከትላል።

ዋናው መከላከያ ፈሳሽ ነው። በሆስፒታል ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ ጨው ያለው ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ ማግኒዚየም ይጨመርበታል። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት በደም ምርመራ የክሬአቲኒን መጠን ይታያል። ምርመራው የኩላሊትን አቅም ስለሚያሳይ፣ ገንዘብ ወይም ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል ሊዘለል አይገባም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው እንደ ካንሰሩ ዓይነት ካርቦፕላቲን ወደተባለው፣ ኩላሊትን በመጠኑ ወደሚጎዳ መድኃኒት ሊዛወር ይችላል።

ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ

አደጋው የሚበረታው ታማሚው መድኃኒቱን ወስዶ ወደ ቀበሌው ሲመለስ ነው። በረጅም የአውቶቡስ ጉዞ ሽንት እንዳያስቸግር በማለት ውኃ አለመጠጣት፣ ማስመለስና ተቅማጥ ተደምረው ኩላሊትን ያደርቃሉ። ልባቸው ጤነኛ ለሆነ ሰዎች ከሲስፕላቲን በኋላ ባሉት ቀናት በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ፈሳሽ መጠጣት በተለምዶ ይመከራል። የልብ ድካም ያለበት ሰው ግን ብዙ ፈሳሽ ሊያፍነው ስለሚችል፣ መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። በጾም ወቅት ሕክምና የሚወስዱ ሰዎች ከሐኪማቸውና ከሃይማኖት አባታቸው ጋር አስቀድመው ሊመክሩ ይገባል፤ በክርስትናም ሆነ በእስልምና ለታመመ ሰው የተፈቀደ ሥርዓት አለ።

ለሕመም ማስታገሻ የሚወሰዱት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን፣ ለኢንፌክሽን በመርፌ የሚሰጠው ጄንታማይሲንም ኩላሊትን ይጎዳሉ። በመሆኑም ታማሚው ወደ ጤና ጣቢያም ሆነ ወደ መድኃኒት ቤት ሲሄድ «ኬሞቴራፒ እየወሰድሁ ነው» ብሎ ወረቀቱን ማሳየት ይኖርበታል። የባህል መድኃኒት የሚጠቀም ከሆነም ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር።

ሳይዘገዩ የሚታከሙ ምልክቶች

- በጥቂት እርምጃ ወይም በዳገት ላይ አዲስ የትንፋሽ ማጠር፣ በተኙበት መታፈን፣
- የእግር ማበጥ ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ የክብደት መጨመር፣
- የሽንት ማነስ ወይም መቋረጥ፣
- ውኃ እንኳ እስከማይረጋ ድረስ ማስመለስ፣
- የልብ ምት መዛባት ወይም ራስን መሳት፣
- 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት።

ትኩሳት መድኃኒቱ የሰውነትን የመከላከል አቅም በማዳከሙ የመጣ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል፣ በማስታገሻ አብርዶ ማደር አደገኛ ነው። ሆስፒታሉ ሩቅ ከሆነ በቅድሚያ በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ መድረስ፣ በዚያም የሕክምናውን ወረቀት ማሳየት ያስፈልጋል። ምልክት ቢታይም መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ማቆም ካንሰሩ እንዲስፋፋ ዕድል ይሰጣል፤ መጠኑን መቀነስም ሆነ መድኃኒቱን መቀየር የሐኪሙ ድርሻ ነው።