የሶዶ እስር ቤት ስንቅ

ለታሰረ ሰው ስንቅ አመላልሳችሁ ታውቃላችሁ? በጣሊያን ወረራ ዘመን ወንጌል በወላይታ እንዴት እንደተስፋፋ ስትጠይቁ፣ ስብከቱን ብቻ ሳይሆን የስንቁንም ቋጠሮ ተመልከቱ።

በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን ከሶዶ ተገደው ሲወጡ፣ በወላይታ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ወንዳሮን የመሳሰሉ መሪዎች ታሰሩ፤ ተገረፉም። እስር ቤቱ ደግሞ ለእስረኛ ምግብ አያቀርብም ነበር። ዘመድ ያለው ይበላል፤ የሌለው ጦሙን ያድራል።

አማኞቹ ለወንድሞቻቸው ስንቅ ይዘው መጡ። ወላይታ የእንሰት አገር ነው። የቆጮን አሠራር የምታውቁ ድካሙ ይገባችኋል፤ እንሰቱ ለዓመታት አድጎ፣ ተፍቆ፣ ተቀብሮና ቦክቶ ነው ለምጣድ የሚበቃው። (መቼም የእናቶቻችን ጉልበት በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ የሚገባውን ያህል ቦታ አላገኘም።) የመጣው ምግብ ከአማኞቹ ተርፎ ለማያምኑት እስረኞችም ደረሰ።

ወሬው ከእስር ቤቱ ግቢ ወጥቶ ገጠሩን አዳረሰ። ይህን ፍቅር ሰምተው ስለ ክርስቶስ ለማወቅ የመጡ ብዙዎች ነበሩ። ሚስዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ የአማኞቹ ቁጥር ወደ 10,000 ተጠግቶ ጠበቃቸው።