የፈረንጅ ክረምት፦ ሦስት ጥያቄና መልስ

እስቲ በሦስት ጥያቄ እንጀምር።

አንድ፦ የሂትለርን ጦር ሞስኮ ደጃፍ ላይ ያቆመው «ጄኔራል» ማን ይባላል? ሁለት፦ ሆላንዶች የቱሊፕ አበባ ሥር እስከ መብላት የደረሱት መቼ ነው? ሦስት፦ በ1952 ለንደንን ለአምስት ቀን የሸፈናት ምን ነበር?

የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር የምትወዱ ከሆነ መልሱ አፋችሁ ላይ ነው፦ ጄኔራል ክረምት፣ በ1944/45 የረሃብ ክረምት፣ ጉም። እኔም ለጓደኞቼ ጥያቄ የማዘጋጀው እኔ ስለሆንኩ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ደብተሬን ሞልተውታል። ደጋግሜ ሳያቸው ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። በሦስቱም ጥፋተኛው አየሩ ነው። ሰው የለበትም።

ለነገሩ እዚህ ላይ «ክረምት» ስል የኛን ሐምሌና ነሐሴ ማለቴ አይደለም። የፈረንጆቹ ክረምት እኛ ጥምቀትን በጠራራ ፀሐይ የምናከብርበት ወቅት ነው። ዓመተ ምሕረቱንም በነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከሞስኮ እንነሳ። ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን የወረረችው ሰኔ 22 ቀን 1941 ነው። ዕቅዱ ብርድ ሳይገባ በጥቂት ወራት መጨረስ ነበር። ስለዚህ የብርድ ልብስ በብዛት የታሰበው ከድሉ በኋላ እዚያ ለሚቀረው አነስተኛ ጦር ብቻ ነው። ዕቅዱ ሲከሽፍ ደግሞ ባቡሩ ቅድሚያ ለጥይትና ለነዳጅ ስለነበር፣ የነበረውም ካፖርት በጊዜ አልደረሰም። ታኅሣሥ ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሲደርስ የመኪናው ዘይት ረጋ፣ የወታደሩ ጣት በብርድ ሞተ። ታኅሣሥ 20 የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትሩ ጎብልስ ሕዝቡ የሱፍ ልብስና ካፖርት ለወታደሩ እንዲያዋጣ በሬዲዮ ለመነ። በዚያው ብርድ፣ በዚያው በረዶ ላይ ግን ቀይ ጦር ከታኅሣሥ 5 ጀምሮ መልሶ ማጥቃት ላይ ነበር። ብርዱ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ማን ተዘጋጅቶ እንደጠበቀው ነው። የተሸነፉት የጀርመን ጄኔራሎች በኋላ ማስታወሻቸውን ሲጽፉ ሰበቡን ለክረምቱ መስጠት ቢቀላቸው አይገርምም። አየር እኮ አይከራከርም።

የሆላንዱ ይብሳል። በመስከረም 1944 የተባበሩት ኃይሎች ወደ ሰሜን ሲገፉ፣ ለንደን በስደት የነበረው የሆላንድ መንግሥት የባቡር ሠራተኞች ሥራ እንዲያቆሙ ጠራ። ሠራተኞቹም አቆሙ። የጀርመን ወራሪዎች በአጸፋው ወደ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል፣ አምስተርዳምና ሮተርዳም ወዳሉበት፣ ምግብ እንዳይገባ ከለከሉ። ከሳምንታት በኋላ በጀልባ እንዲገባ ቢፈቅዱም፣ ያኔ ብርዱ ደረሰና የውኃ መተላለፊያዎቹ ቀዘቀዙ። ክረምቱ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የገባው፤ በሩን ሌላ ሰው ከዘጋው በኋላ።

ሰዉ የቱሊፕን ሽንኩርት የሚመስል ሥር ቀቅሎ በላ። ለማገዶ የቤቱን በርና ደረጃ ነቀለ። እናቶች በብስክሌት ገጠር ለገጠር እየዞሩ አንሶላና ጌጣቸውን በድንች ለወጡ። ወደ 20 ሺህ ሰው ሞተ። ኋላ በሆሊዉድ የታወቀችው ኦድሪ ሄፕበርን ያንን ክረምት ያሳለፈችው አርነም አጠገብ ነው፤ ያኔ የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። በጥያቄ መጽሐፍ ውስጥ የምትመጣውም እሷ ናት። ምግቡ እንዳያልፍ ትእዛዝ የሰጡት ሰዎች ግን አይጠየቁም።

ለንደን ስንደርስ ጦርነትም የለም። ታኅሣሥ 5 ቀን 1952፣ በኛ ኅዳር 26 ቀን 1945 መሆኑ ነው፣ ከተማዋን ቀዝቃዛ አየር ተኛባት። በሌላው ጊዜ ከመሬት የሚነሳው ሞቅ ያለ አየር ጭሱን ይዞ ይወጣል። በዚያ ሳምንት ግን ሞቃቱ አየር ከላይ ሆኖ ቀዝቃዛውን እንደ ድስት ክዳን ገጠመው፤ ነፋስም አልነበረም። ሰው ሲበርደው ደግሞ ምን ያደርጋል? ምድጃው ላይ ከሰል ይጨምራል። ጥሩው የድንጋይ ከሰል ለውጭ ገበያ ስለሚላክ፣ ለየቤቱ የሚሸጠው ርካሹና ጭሳሙ ነበር።

ሰው የገዛ እግሩን ማየት አቃተው። አውቶቡስ ቆመ። ጭሱ ቲያትር ቤት ውስጥ ገብቶ ትርኢት አስቋረጠ። ታኅሣሥ 9 ነፋስ መጥቶ ሲጠርገው፣ በመጀመሪያው ግምት 4 ሺህ ሰው ሞቶ ነበር፤ የኋላ ጥናቶች ቁጥሩን ወደ 12 ሺህ ያደርሱታል። መንግሥትም በቀጣዮቹ ወራት ላልቀነሰው ሞት ምክንያቱ ኢንፍሉዌንዛ ነው አለ። ጉሙ ጥፋተኛ፣ ጉንፋኑ ጥፋተኛ። ከሰሉ? በቃ፣ ዝም።

ነገሩ እዚያ አላበቃም። ሐኪሞች፣ ጋዜጦችና አንዳንድ የፓርላማ አባላት አልተዉትም። በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ። ጭስ የማይፈቀድባቸው ሰፈሮች ተከለሉ፤ ምድጃውን ለሚቀይር ቤተሰብ ድጎማ ተሰጠ። የለንደን ቅዝቃዜ ዛሬም አለ፤ ያ የከሰል ጭስ ግን የለም። ይህ የሆነው «ምን ሸፈናት?» የሚለውን ትተው «ማን ምን አነደደ? ለምን?» ብለው የጠየቁ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ይህ ለኛ የሩቅ ወሬ አይመስለኝም። እኛ በብርድ ፋንታ ድርቅ አለን። «የወሎን ሕዝብ ምን ፈጀው?» ሲባል «ድርቅ» ብለን ነጥብ እንወስዳለን። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በአገራችን ከ1958 እስከ 1977 የደረሱትን ረሃቦች አጥንተው የተከራከሩት ይህንኑ መልስ ነው። ዝናብ መቅረቱን አልካዱም። ገበሬው አንድ ዝናብ ሲቀርበት የሚወድቀው፣ ቀድሞውኑ ጎተራውን ባራቆተው ሥርዓት ምክንያት ነው አሉ። በ1973 በወሎ ሰው በረሃብ ሲያልቅ ንጉሣዊው መንግሥት ነገሩን መሸፈኑም የደመና ሥራ አልነበረም።

ጥያቄዎቹን ከደብተሬ አልሰረዝኳቸውም፤ ጓደኞቼም ይወዷቸዋል። ግን ከእያንዳንዱ ሥር ሁለተኛ ጥያቄ ጽፌያለሁ፤ ነጥቡም እጥፍ ነው። ካፖርቱን ማን አስቀረው? ምግቡን ማን ከለከለው? ጭሳሙን ከሰል ማን ሸጠው?